ወንበር የለቀቀች ሴት

እኛ ዘንድ ማኅበር ማቋቋም ቀላል ነው። ሦስት ሰው ተሰብስቦ ቡና ከጠጣ ማኅበር ይወለዳል። ማኅተም ይቀረጻል፣ ደብዳቤ ይታተማል፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያቋቋመው ሰው “ይኼ ቦታ ከእኔ ይልቅ ለእገሌ ይሻላል” የሚልበት ቀን አይመጣም። ዕድርም ይሁን የእግር ኳስ ክለብ፣ ፓርቲም ይሁን ጋዜጣ፣ መሥራች ማለት እስከ ዕለተ ሞቱ ሊቀ መንበር ማለት ነው። ከእርሱ የተሻለ ሰው ብቅ ካለ ደግሞ ወይ ያ ሰው ይገፋል፣ ወይ ኩርፊያውን ይዞ ወጥቶ ሌላ ማኅበር ያቋቁማል። እንዲህ እያልን ስንሰነጣጠቅ ስንት ዘመን ሆነን?

ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ወንበሯን ስለለቀቀች ሴት ላወጋችሁ ነው። ማሪ ሞቶሀሺ ትባላለች። አገሯ ጃፓን ነው። ስሟን ያስጠራችው በረዶ ላይ ድንጋይ በማንሸራተት ነው። አትሳቁ! ነገሩ ከምታስቡት በላይ ቁም ነገር አለበት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገርና ልቀጥል።)

ጨዋታው ከርሊንግ ይባላል። ስኮትላንዶች የዛሬ 500 ዓመት ገደማ በክረምት በሚረጋ ኩሬ ላይ የጀመሩት ነው። ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ እጀታ ያለው ክብ የጥቁር ድንጋይ ልሙጥ አለ እንበል። ተጫዋቿ ተንበርክካ እየተንሸራተተች ትለቀዋለች። ድንጋዩ 45 ሜትር ገደማ በሚረዝም በረዶ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ጫፍ ላይ ትልቅ ክብ ተሥሏል፤ ስሙ “ቤት” ነው። የቤቱ እምብርት ደግሞ “ቁልፍ” ይባላል፤ የበር ቁልፍ ሳይሆን የሸሚዝ ቁልፍ። ለቁልፉ የቀረበ ድንጋይ ያለው ቡድን ነጥብ ያገኛል። እንደ ብይ ሁሉ የባላጋራን ድንጋይ መትቶ ማስወጣት፣ የራስን መከለል፣ በጎን ሾልኮ መግባት ይፈቀዳል።

አንድ ቡድን አራት ተጫዋች አለው። አንዷ ስትለቅ ሁለቱ መጥረጊያ ይዘው ከድንጋዩ ፊት ፊት በረዶውን ይጠርጋሉ። የሚጠርጉት ለንጽሕና አይደለም። መጥረጊያው ሲፋተግ የበረዶው ፊት ትንሽ ይሞቃል፣ ድንጋዩም ራቅ ብሎና ቀና ብሎ ይሄዳል። አራተኛዋ፣ መሪዋ፣ ከወዲያ ጫፍ ቆማ “ጥረጉ! ተዉት!” እያለች ትጮኻለች። እያንዳንዷ በአንድ ዙር ሁለት ድንጋይ ትለቃለች፤ ዙሩ አሥር ነው። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ራሱ ተናግሮ ማመን ይጠበቅበታል። ተስፋ እንደሌለው ያወቀ ቡድን ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ እጁን ዘርግቶ ይጨብጥና ይወጣል። እጅ መስጠት እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው።

ታዲያ ይህ የስኮትላንድ ጨዋታ ጃፓን ምን ወሰደው? ወሬው የሚጀምረው ቶኮሮ ከምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። ቶኮሮ ሆካይዶ በምትባለው ሰሜናዊ ደሴት፣ በኦኾትስክ ባሕር ዳርቻ ያለች ናት። ክረምት ሲገባ ባሕሩ ራሱ በተንሳፋፊ በረዶ ይሸፈናል። ስሟ የመጣው ከደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ከአይኑዎች ቋንቋ ነው፤ “ሐይቅ ያለው” እንደማለት። ነዋሪዎቿ የሚኖሩት ከባሕር ዛጎል በማርባት፣ ዓሣ በማጥመድና በእርሻ ነው። በቃ። ሌላ ነገር የላትም።

በ1980 ሆካይዶና የካናዳዋ የአልበርታ ክፍለ ሀገር እህትማማች ሆኑ። እህትማማችነት ብዙውን ጊዜ የባለሥልጣናት ጉብኝትና የግድግዳ ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ግን አልበርታ አንድ ጠቃሚ ሰው ላከች፤ በ1961 የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ዋሊ ኡርሱሊያክን። እርሱም ለሆካይዶ ሰዎች ከርሊንግ አስተማረ። ከተማሩት መካከል የቶኮሮው ዩጂ ኦጉሪ ይገኙበታል። አቶ ኦጉሪ የመጠጥ መደብር ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ጨዋታውን ወደዱት። እውነተኛው ድንጋይ ግን ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የመጠጥ ነጋዴ አይደሉ? ትንንሽ የቢራ በርሜል ሰብስበው ሲሚንቶ ሞሉበትና ድንጋይ ብለው ተጫወቱበት። በብርድ ሌሊት ሜዳ ላይ ውኃ እያፈሰሱ በረዶ አረጉ። የሰፈሩን ሰው እየጎተቱ አምጥተው አጫወቱ።

በ1988 ቶኮሮ በጃፓን የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ የከርሊንግ አዳራሽ ሠራች። ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤቶቹ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ገባ። አሁን እንግዲህ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ የከተማዋ ሕዝብ ጥቂት ሺህ ቢሆን ነው። ከርሊንግ በ1998 ናጋኖ ላይ በይፋ የኦሊምፒክ ውድድር ከሆነ ጀምሮ እስከ 2022 ድረስ ከቶኮሮ የወጣ ሰው ያልተካፈለበት ኦሊምፒክ አልነበረም። የኛን በቆጂ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸግረውም።

ማሪ የተወለደችው በዚያች ከተማ በ1986 ነው። በ12 ዓመቷ አቶ ኦጉሪ አበረታተዋት ጀመረች። ጎበዝ ወጣች። ግን የትንሽ ከተማ ጎበዝ ዕጣ የታወቀ ነው፤ መሄድ። ቶኮሮ አዳራሽ ነበራት እንጂ ለአትሌቶቿ የሚሆን ሥራም ስፖንሰርም አልነበራትም። ከማሪ የሚበልጡት የቶኮሮ ልጆች፣ አዩሚ ኦኖዴራና ዩሚኤ ሀያሺ፣ ባሕር ተሻግረው በዋናው ደሴት ሰሜን ጫፍ ወደምትገኘው አኦሞሪ ከተማ ሄደው ነበር። አኦሞሪ በ2003 የእስያን የክረምት ጨዋታዎች ያስተናገደች ናትና ለከርሊንግ ፊት ሰጥታለች። ማሪም ተከተለቻቸው። ቡድኑ “ቲም አኦሞሪ” ተባለ።

በ2006 ቶሪኖ ኦሊምፒክ ላይ ይህ ቡድን አራት አሸንፎ፣ አምስት ተሸንፎ ሰባተኛ ወጣ። ካናዳንና የወቅቱን የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ብሪታንያን ካሸነፋቸው መካከል ነበሩ። የጃፓን ሕዝብ ሌሊት እየተነሳ በቴሌቪዥን ተመለከታቸው። እግረ መንገዴን፦ በዚያው ቶሪኖ ላይ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ላይ ሸርተቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ አስጠርቷል። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ሄዷል። ማሪና ሮቤል ሁለቱንም ኦሊምፒኮች ተካፍለዋል ማለት ነው።

ማሪ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። ቆንጆ ናት። ጋዜጠኞቹ ድንጋይ አለቃቀቋን ትተው መልኳን ያዙ። “ማሪሊን” የሚል ስም አወጡላት፤ የሆሊውዷን ማሪሊን ሞንሮ የሚያስታውስ። ሴት አትሌት በሠራችው ሳይሆን በመልኳ ስትጠራ ያኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አሁንም ቢሆን አላበቃም። ብዙ ወጣት በዚህ ዓይነቱ ዝና ሰክሮ ይቀራል። እርሷ ግን ያገኘችውን ዝና በኋላ ምን እንዳደረገችበት ታያላችሁ።

ቶሪኖ በተጠናቀቀ በሳምንቱ፣ መጋቢት 5 ቀን 2006 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቶኮሮ ከተማ መሆኗ ቀረ። ከጎረቤት ከተሞች ጋር ተዋሕዳ የኪታሚ ከተማ አንድ ክፍል ሆነች። ወጣቱ እየለቀቀ፣ የሚወለደው እያነሰ ሲሄድ የጃፓን መንግሥት በመላ አገሪቱ ትንንሽ ከተሞችን ሲያዋሕድ ነበርና ዕጣው ለእርሷም ደረሳት። ልጆቿ በዓለም አደባባይ ስሟን ባስጠሩ ማግሥት መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

በ2010 ቫንኩቨር ላይ ቲም አኦሞሪ ስምንተኛ ወጣ። ማሪ 24ኛ ዓመቷን በያዘችበት በዚያው ክረምት ማግሥት፣ በነሐሴ፣ ሰው ያልጠበቀውን ነገር ተናገረች። የታወቀውን ቡድን ትቼ ወደ ትውልድ መንደሬ እመለሳለሁ፣ እዚያ አዲስ ቡድን አቋቁማለሁ አለች። ከዋና ከተማ ወደ ገጠር! ከስፖንሰር ወደ ባዶ ካዝና! ቡድኑን “ሎኮ ሶላሬ” አለችው። “ሎኮ” የቶኮሮ ልጅ ከሚለው የጃፓንኛ ቃል የተወሰደ ነው፣ “ሶላሬ” ደግሞ በጣልያንኛ የፀሐይ ማለት ነው። የቶኮሮ ልጆች፣ የፀሐይ ልጆች። ያ ማሪሊን ያሰኛት ዝና ጥቅም ላይ የዋለው አሁን ነው፤ ስሟን ይዛ የየድርጅቱን በር አንኳኳች። የኪታሚ ነጋዴዎች ጥቂት ጥቂት አዋጡ። ተጫዋቾቹም በከተማው ውስጥ ሥራ ያዙ። የቡድኑን ተጫዋቾች ብትመለከቱ፣ አንዷ የመኪና መሸጫ ድርጅት ሠራተኛ ነበረች፣ አንዷ የኢንሹራንስ ወኪል ቢሮ፣ አንዷ የሕክምና ተቋም። “ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ” ማለት ይኼ አይደል?

ይሁንና ጌጥ ሁሉ ወዲያው አያምርም። ዓመታት አለፉ፣ ሎኮ ሶላሬ የአገር ሻምፒዮን አልሆነም። ለ2014 ሶቺ ኦሊምፒክ ጃፓንን የወከለው የሆካይዶ ባንክ ቡድን ነው። መሪዋም ያቺው የቶኮሮዋ አዩሚ ነበረች፤ አግብታ ኦጋሳዋራ ተብላ፣ ወልዳ ተመልሳ፣ በመክፈቻው ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ የገባች እናት። የማሪ ቡድን ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን አየ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ከሶቺ በኋላ ቺናሚ ዮሺዳ የምትባል የኪታሚ ልጅ በሆካይዶ ባንክ ቡድን ውስጥ የነበራትን ቦታ አጣች። ማሪ ጠራቻት። በ2015 ደግሞ ሌላ ሰው ጠራች፤ ሳትሱኪ ፉጂሳዋን። ፉጂሳዋ የኪታሚ ተወላጅ ብትሆንም እንደ ሌሎቹ ለሥራ ርቃ ሄዳ፣ ካሩይዛዋ ላይ በቹቡ ኤሌክትሪክ ቡድን መሪነት ከ2011 እስከ 2014 አራት ጊዜ በተከታታይ የጃፓን ሻምፒዮን ሆናለች። ከማሪ በአምስት ዓመት ታንሳለች። ስሌቱ ግልጽ ነው። ቡድን አራት ሰው ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለ መሪ ከመጣ የሆነ ሰው ቦታ መልቀቅ አለበት።

የለቀቀችው ማሪ ናት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወንድ ልጅ ወለደች። በየካቲት 2016 እነ ፉጂሳዋ ሎኮ ሶላሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የጃፓን ሻምፒዮን አደረጉት። በመጋቢት ካናዳ ውስጥ ስዊፍት ከረንት በተባለች ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና እስከ ፍጻሜው ደርሰው በስዊዘርላንድ 9 ለ6 ተሸንፈው ብር አመጡ፤ ጃፓን በዓለም ሻምፒዮና ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው። ማሪ እዚያ ነበረች። ግን አምስተኛ ሆና፤ ተጠባባቂ።

“እንዴ! የወለደች ሴት ምን ምርጫ አላት?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስንት ሴት በልጅ ምክንያት ከወንበሯ ተገፍታ “በፈቃዷ ለቀቀች” ተብሎላታል! ነገር ግን ማሪ በወራት ውስጥ ወደ በረዶው ተመልሳለች። መመለስ ችላለች ማለት ነው። የተመለሰችው ግን “የመሠረትኩት እኔ ነኝ፣ ቦታዬን መልሱልኝ” ብላ አይደለም። ወደ አምስተኛው ቦታ ነው የተመለሰችው።

አምስተኛው ቦታ ምን እንደሚሠራበት ብዙ ሰው አያውቅም። ድንጋዮቹ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎተታል፣ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይጠማዘዛል። ማታ ጨዋታው አልቆ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ተጠባባቂዋ በባዶው አዳራሽ የነገዎቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ እየለቀቀች ጠባያቸውን ትመዘግባለች። ጠዋት ለአራቱ ትነግራለች። በዕረፍት ሰዓት የሚበላውን ታቀርባለች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ካሜራው አራቱን ይከተላል።

በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ማሪ በዚህ ወንበር ላይ ነበረች። ጃፓን በግማሽ ፍጻሜው በአስተናጋጇ ደቡብ ኮሪያ በተጨማሪ ዙር 8 ለ7 ተሸነፈች። በማግሥቱ፣ የካቲት 24፣ ለነሐስ ከብሪታንያ ጋር ገጠመች። ከስምንት ዙር በኋላ ሦስት እኩል ነበሩ። ጃፓን በዘጠነኛው ዙር አንድ አገኘች። በአሥረኛው የመጨረሻው ድንጋይ የብሪታንያዋ መሪ የኢቭ ሙርሄድ ነበር። ለቀቀችው። ድንጋዩ ዓላማውን ስቶ የጃፓንን ድንጋይ ወደ ቁልፉ ገፋው። 5 ለ3 አለቀ። ጃፓን በከርሊንግ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አገኘች። ማሪ ከአምስቱ አንዷ ሆና ሜዳሊያዋን አጠለቀች። የሲሚንቶ በርሜል ያንሸራተቱት አቶ ኦጉሪ ግን አላዩም። ከዚያ ቀደም ብለው፣ በግንቦት 2017፣ በ88 ዓመታቸው አርፈዋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የድሮ ሙያዬ አይለቀኝም። በከርሊንግ ተጫዋቾች ልብስ ላይ ድምፅ ማጉያ ስለሚደረግ የሚነጋገሩት ሁሉ በቴሌቪዥን ይሰማል። ሴቶቹ ለስልት ሲመካከሩ ደጋግመው “ሶዳኔ” ይላሉ፤ “ልክ ነሽ፣ እንዴታ” እንደማለት ነው። ቃሉ የመላው ጃፓን ቢሆንም እነርሱ የሚሉት በሆካይዶ ለዛ ነው። አገሩ ሁሉ ወደደው። በ2018 የዓመቱ ቃል ተብሎ ተሸለመ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጃፓን የክፍለ ሀገር አነጋገር የሚያፍሩበት አገር ነበር፤ በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች በአገሩ ቋንቋ የተናገረ ተማሪ አንገቱ ላይ የቅጣት ሰሌዳ ይንጠለጠልበት ነበር። እኛስ? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከገጠር የመጣ ተማሪ አነጋገሩ የአዲስ አበባን እስኪመስል ድረስ ወር ሁለት ወር አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው አንዳንዴ እርሱ ነበር። የቶኮሮ ልጆች አነጋገራቸውን ለማንም አልቀየሩም። ሰው ሁሉ ወደ እነርሱ አነጋገር መጣ።

ድል አድርገው ሲመለሱ ኪታሚ በሰልፍ ተቀበለቻቸው። ያቺ ከሌላ ቡድን ቦታ ያጣችው ቺናሚ ዮሺዳ እዚያ የተናገረችው በጃፓን የታወቀ ነው። ይህች ከተማ ምንም የላትም፣ ልጅ ሳለሁ እዚህ እየኖርኩ ሕልሜ ፈጽሞ አይሳካም እል ነበር፣ አሁን ግን እዚህ ባልሆን ኖሮ አይሳካም ነበር እላለሁ የሚል ነው ሐሳቡ።

በሰኔ 2018 ማሪ ለቡድኑ መጫወት ማቆሟን አስታወቀች። ከቤቱ ግን አልወጣችም፤ አስተዳደሩን ይዛ ቀረች። በኋላም ለታዳጊዎች የሚሆን ሁለተኛ ቡድን “ሎኮ ስቴላ” እንዲቋቋም አደረገች። ስቴላ ኮከብ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወጣው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2022 ቤጂንግ ሎኮ ሶላሬ ከምድቡ የመጨረሻ ጨዋታውን በስዊዘርላንድ ተሸንፎ፣ ተጫዋቾቹ አለቀልን ብለው እያለቀሱ ሳሉ ስዊድን ኮሪያን በማሸነፏ ማለፋቸው ተነገራቸው። በግማሽ ፍጻሜው ያችኑ ስዊዘርላንድን 8 ለ6 አሸነፉ። ለወርቅ ከኢቭ ሙርሄድ ቡድን ጋር ገጥመው 10 ለ3 ቢረቱም ብሩ የእነርሱ ሆነ። የዚያን ጊዜ ተጠባባቂዋ የ43 ዓመቷ ኮቶሚ ኢሺዛኪ ነበረች፤ ቫንኩቨር ላይ ከማሪ ጋር የተጫወተች። ማሪ የተወችው አምስተኛ ወንበር እንኳ የተከበረ ቦታ ሆኖ ቆየ። በጥር 2023 ደግሞ “ካናዲያን ኦፕን” የተባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፉ፤ ከታላላቆቹ የግራንድ ስላም ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው የእስያ ቡድን ሆኑ። ውድድሩ የተካሄደው የት መሰላችሁ? አልበርታ ውስጥ፣ ካምሮዝ በተባለች ከተማ። አልበርታ በ1980 የላከችው ትምህርት በ43 ዓመቱ ተመልሶ አልበርታን ረታ።

በመስከረም 2025 ግን ዋካናይ ላይ በተደረገው የጃፓን ማጣሪያ ሎኮ ሶላሬ ተሸነፈ። ለ2026ቱ ኦሊምፒክ ያለፈው ፎርቲየስ የተባለው ቡድን ነው። እነ ኦጋሳዋራ የመሠረቱት፣ ባንኩ ድጋፉን ቢተውም ያልፈረሰው ቡድን ነው። መሪዋ ሳያካ ዮሺሙራ ትባላለች፤ በ2023 መጨረሻ ወልዳ ወደ ሜዳ የተመለሰች። የት ተወለደች ብትሉኝ፣ ቶኮሮ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ማሪ ሞቶሀሺ ተጫዋች ሆና ወደ ኦሊምፒክ ሜዳ በገባችባቸው ሁለት ጊዜያት ሰባተኛና ስምንተኛ ነው የወጣችው። ሜዳሊያ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። በተራ ስሌት ከታየ ሻምፒዮን ለመባል የሚያበቃት ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን ከቡድኑ ታሪክ እርሷን ብታወጡት የሚቀር ቡድን የለም። መሥራችነትን እንደ ርስት ሳይሆን እንደ ሥራ ቆጠረችው። ሥራው ሲያልቅ ለሚቀጥለው ሰው አስረከበች፣ ራሷም ሌላ ሥራ ያዘች።

የእኛን ማኅበሮች ሳስብ የሚጎድለን መሥራች አይመስለኝም። መሥራችማ ሞልቷል። የሚጎድለን አምስተኛው ወንበር ነው፤ ሰው ከመሪነት ወርዶ ክብሩ ሳይነካ የሚቀመጥበት፣ ማታ የነገውን ድንጋይ እየፈተሸ የሚጠቅምበት ቦታ። እርሱን እስክንሠራ ድረስ ማንም ከላይኛው ወንበር ባይነሳ አይፈረድበትም። ቢነሳ የት ይቀመጥ?